የእድሩ ሣጥንና የልጆቹ ደብዳቤ

ከምናውቃቸው እድሮች በአንደኛው፥ ባለፈው ወር ስብሰባ ላይ የሰፈሩ ወጣቶች ቀርበው ነበር። ስለ ውሃ መቋረጥና ስለ መንገድ መብራት ለወረዳው አቤት የሚሉበት ማኅበር ለማቋቋም አስበው፥ ለወረቀትና ለአንድ ክፍል ኪራይ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ለመኑ። ከአባቶች አንዱ ተነሥተው «ይሰጣቸው፤ ነገር ግን ማኅበራቸው በእኛ ሥር ይሁን፤ የሚጽፉትንም ደብዳቤ አስቀድመን እንየው» አሉ። ልጆቹ አመስግነው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። እኚያ አባት ክፉ አሳብ አልነበራቸውም፤ እኛም በቦታቸው ብንሆን ምናልባት ይህንኑ እንናገር ነበር።

ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው የሰጪና የተቀባይ ነገር በሌላም አገር ደርሷልና፥ በአሜሪካ ጥቁሮች የመብት ትግል ጊዜ የሆነውን እናስታውስ፤ ዘመኑን በፈረንጆች አቈጣጠር እንጽፋለን። በፌብሩዋሪ 1 ቀን 1960 በግሪንስቦሮ ከተማ አራት ጥቁር ተማሪዎች ለነጮች ብቻ በተለየ የምግብ ቤት መቀመጫ ተቀምጠው አንነሣም አሉ። ነገሩ በጥቂት ሳምንት ውስጥ በደቡቡ ክፍል ተዛመተ። በዚያን ጊዜ ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ በሚመሩት የክርስቲያናዊ አመራር ጉባኤ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ኤላ ቤከር፥ ከጉባኤው 800 ዶላር አስፈቅደው በአፕሪል ወር ተማሪዎቹን በሻው ዩኒቨርሲቲ ሰበሰቧቸው። ከጉባኤው መሪዎች አንዳንዶቹ ተማሪዎቹ የጉባኤው ክፍል እንዲሆኑ ፈልገው ነበር። ገንዘቡን ያስገኙት ቤከር ግን ልጆቹ ማኅበራቸውን ራሳቸው ይምሩ ብለው ጸኑ። የተማሪዎቹ ኮሚቴ የተወለደው በዚህ ሁኔታ ነው።

የኮሚቴው ሠራተኞች በሳምንት 10 ዶላር ያህል ይቀበሉ ነበር፤ ያውም ሲገኝ። ታዲያ በምን ኖሩ ቢባል፥ በየመንደሩ ቤተ ሰብ ነው። በ1961 ቦብ ሞዝስ የተባለ ወጣት መምህር ሕዝቡን ለምርጫ ለማስመዝገብ ሚሲሲፒ ውስጥ ወደ ማኮም በመጣ ጊዜ፥ ከባቡር ሥራ በጡረታ የወጡት ዌብ ኦዌንስ እየመሩት ከሰዎች ጥቂት ጥቂት ገንዘብ አሰባሰቡ። አንዱ አልጋ ሰጠ፥ ሌላይቱ ምሳ አበላች። ይህ እንደ ዋዛ የሚታይ ስጦታ አልነበረም። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር፥ ሞዝስን በመኪናቸው ያደርሱ የነበሩት ገበሬ ኸርበርት ሊ፥ የዘጠኝ ልጆች አባት፥ በጥይት ተገደሉ። ገዳያቸው የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት አባል ነበር፤ ሳይቀጣም ቀረ።

በ1962 ደግሞ የትልልቅ በጎ አድራጊዎችን ገንዘብ ለምርጫ ምዝገባ የሚያከፋፍል ድርጅት ተቋቋመ። እርዳታው ብዙ ጠቅሟል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን በሚሲሲፒ የተመዘገበው ሕዝብ ጥቂት ሆኖ ስለ ተገኘ፥ በ1963 መገባደጃ ለዚያ ክፍል የሚሰጠው ገንዘብ ተቋረጠ። ቍጥሩ ያነሰው ግን ወጣቶቹ ስለ ሰነፉ ሳይሆን መዝጋቢዎቹ ጥቁሮቹን እየመለሱ ስላስቸገሯቸው ነበር። ይህን ልጆቹን ያሳደሩት ቤተ ሰቦች ያውቁት ነበር።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ በመብት ጉዳይ የሚሠሩ ማኅበራት ከውጭ አገር የሚያገኙት ገንዘብ ከገቢያቸው 10 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ ተተካ። በመካከሉ ብዙዎቹ የአገር ውስጥ ረዳት አጥተው ሥራቸውን ለወጡ። እድርና ሰንበቴ ያለን ሕዝብ ሆነን ሳለ ይህ መድረሱ ያሳፍረናል። ለሐዘን ድንኳን በአንድ ሰዓት የምንተክል ሰዎች ለአንድ ክፍል ኪራይ ማዋጣት የሚያቅተን አይደለንም።

ሒሳብ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ የልጆቹም ገንዘብ ያዥ ደረሰኝ ይያዝ፥ በየሦስት ወሩም ያቅርብ። ደብዳቤውን ግን ራሳቸው ይጻፉት። የዚያ እድር ቀጣይ ስብሰባ በሚመጣው እሑድ ነውና፥ የልጆቹ ማመልከቻ እንደ ገና እንዲነበብ እኛ እንጠይቃለን።