ሙያ በልብ ብቻ አይቅር

«ሙያ በልብ ነው» ይላሉ አበው። ጉራ ለሚያበዛ ሰው የተነገረ እንደ ሆነ ብሂሉ ግሩም ነው። ማዕድ ቤት ሲገባ ግን በደል ይሠራል፤ እናቶቻችን ያወቁትን ሳይጽፉ እንዲያልፉ፣ ልጆቻቸውም ባልተጻፈላቸው ነገር እንዲፈረድባቸው አድርጓልና። የዛሬው ሙግቴ ከዚህ ብሂል ጋር ነው።

በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ የምትኖር አንዲት አዲስ ሙሽራ ኦቭን ገዛች እንበል። ከባሕር ማዶ የመጣ የኬክ መጽሐፍ ትዘረጋለች፤ ዱቄቱን፣ ስኳሩን፣ ሙቀቱን አንዲት ሳታዛንፍ እንደ ቃሉ ትፈጽማለች። ኬኩ በኦቭኑ መስተዋት ውስጥ ሽቅብ ይነሣል፤ ያምራል፤ ከዚያም መካከሉ ስምጥ ይላል። እንግዳ ፊት ሲቀርብ አማትየዋ ከንፈራቸውን ይመጡና «አይ፣ ሙያ እንኳ የላትም» ይላሉ። ፍርዱ ተፈረደ።

ይግባኙን እኔ ልጠይቅላት። ያ መጽሐፍ የተጻፈው ለቆላ ሰው፣ ለባሕር ጠረፍ ነዋሪ ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ የእንጦጦ አናትማ 3,000 ሜትርን ያልፋል። በከተማችን የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ውኃ እንኳ 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በሊጡ ውስጥ የሚፈጠረው ጋዝ የሚጫነው አየር ስለ ሳሳለት ያለ ልክ ይነፋል፤ ኬኩ በስሎ ሳይጸና ጋዙ ያመልጣል፤ የተነሣው ይወድቃል። እርጥበቱም ቶሎ ስለሚተን ዳቦው ይደርቃል። ታዲያ የልጅቱ እጅ ምን አጠፋ?

መላው ከባድ አይደለም። ቤኪንግ ፓውደሩን ከመጽሐፉ ልክ በሩብ ያህል መቀነስ፤ ከአንድ ኩባያ ስኳር ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማንሣት፤ ውኃውን ወይም ወተቱን ሦስት ማንኪያ ያህል መጨመር፤ ሙቀቱን 10 ዲግሪ ያህል ከፍ አድርጎ ቀደም ብሎ ማውጣት። የእርሾ ዳቦ ከሆነም እርሾውን ማሳነስና ሰዓት ሳይቆጥሩ ሊጡ እጥፍ ሲሆን መጋገር። የአሜሪካዋ ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ብትሆን ነው፤ ከእኛ በብዙ ታንሳለች። ይሁንና የዚያው የኮሎራዶ ግዛት ዩኒቨርሲቲ ለከፍታ ቦታ ጋጋሪዎች መመሪያ ያሳትማል። እኛስ ለሙሽሮቻችን ምን ጻፍንላቸው?

«ኬክ የፈረንጅ ነው፤ ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ለእርሱ ሁለት መልስ አለኝ። አንደኛው፣ ነገሩ የኬክ ብቻ አለመሆኑ ነው። ድፎ ዳቦን አስቡ፤ ከላይም ከታችም እሳት፣ ዙሪያውን ኮባ። እሳቱ ሙቀቱን ያስተካክላል፤ ኮባው እርጥበቱን ይይዛል። እናቶቻችን ቴርሞሜትር ሳያዩ የደጋውን ዳቦ ከመድረቅ አድነውታል። ግን ስንቱ ተጻፈ? ልጅ ስትጠይቅ «ዓይተሽ ነው» ትባላለች። ያችው ልጅ ኦቭን ስትገዛ የእናቷ ዕውቀት አብሯት አልገባም።

ሁለተኛው፣ የማገዶው ዋጋ ነው። ከእንጦጦ ጫካ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው፣ ወገባቸው ጎብጦ ቁልቁል የሚወርዱትን ሴቶች ያላየ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ኦቭኑ ያንን ሸክም ሊያቀል የሚችለው ዳቦው ሲያምርለት ነው። ሁለት ጊዜ የከሸፈባት ሴት ወደ ማገዶዋ ትመለሳለች፤ ኦቭኑም የድስት ማስቀመጫ ሆኖ ይቀራል።

እንግዲህ እናንት የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች፣ ስለ እናት ስንት ግጥም ጽፈናል! በመጪው በዓል ዋዜማ ደግሞ ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ከእናታችሁ ምድጃ አጠገብ ተቀመጡ። «ዓይተህ ነው» ሲሏችሁ «እማዬ፣ ስንት ኩባያ?» በሏቸው። ዱቄቱን ሳይበትኑት ለኩት፤ ሰዓቱን መዝግቡ፤ ሰፈራችሁንም ጻፉበት፤ የኮተቤው ልክ ለአዋሽ ሰው አይሆንምና። ያን ጊዜ የዳገቷ ሙሽራ የሚፈረድባት በራሷ አገር ልክ ይሆናል።