ገና ሜዳ እንጂ ሊግ አልጠየቀም

«የእኛ ገና እኮ ሆኪ ነው፤ ሊግ ቢቋቋምለት፣ ስፖንሰር ቢገኝለት ዓለም ባወቀን ነበር» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ለመሆኑ የእኛ የሆነ ነገር ዋጋ የሚያገኘው ፈረንጅ ካለው ጋር ሲመሳሰል ብቻ ነው?

እ.ኤ.አ. በ1917 ሞንትሪያል ላይ የተመሠረተውን ብሔራዊ የሆኪ ሊግ አልንቅም። በበረዶ ላይ እንዲያ መክነፍ ሙያ ነው። ነገር ግን እዚያ ተጫዋች ይሸጣል፣ ይለወጣል፤ ቡጢ የተሰናዘረም 5 ደቂቃ ተቀጥቶ ይመለሳል። የገና ሕግ ሌላ ነው። በዚያች ዕለት ሎሌ የጌታውን ቅልጥም ቢመታ ጌታ አይቆጣም። አለቀ።

እኔ ያደግሁት ቀጨኔ ነው። እናቶቻችን ጭቃ አቡክተው ጀበናና ምጣድ ይሠራሉ፤ አባቶቻችን ይሸምናሉ። በእኛው ምጣድ የተጋገረ እንጀራ የሚጎርሰው አፍ ደግሞ «ቡዳ» ሲለን ኖሯል። የገና ዕለት ግን የሸክላ ሠሪዋ ልጅ የባለመኪናውን ልጅ ገፍትሮ ጥንጓን ሲነጥቀው ዘሩን የሚጠይቅ አልነበረም። ቁጣ ክልክል ነዋ! በማግስቱ ስድቡ መመለሱን አልክድም። ቢሆንም አንድ ቀን አንድ ቀን ነው።

እንጫወትበት የነበረው ሜዳ ዛሬ ቤት ተሠርቶበታል። ገና በባህል ስፖርቶች ውድድር በዳኛ ፊሽካ ይካሄዳል፤ ይካሄድ፣ ማን ጠላ? የሰፈር ልጅ ግን በዓመት አንዴ እንኳ ጥንግ የሚለጋበት ቦታ አጥቷል። እናንት ስፖንሰር ፈላጊ ወዳጆቼ፣ ገንዘቡና ጉልበቱ ካላችሁ አስቀድማችሁ ለቀጨኔ ልጆች አንድ ሜዳ አስከብሩላቸው። ቆልማማውን ዱላ እኛው ፈልገን እንመጣለን።