«ሠራተኛዋ ናት» ማለት ይብቃ!

ከጀሞ እስከ ጎፋ፣ ከለቡ እስከ ሃና ማርያም፣ በአንድ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቡታ ጋዝ እሳት ሲያስነሳ የጎረቤቱ ፍርድ አንድ ነው፤ «ሠራተኛዋ ናት፣ ከፍታ ረስታው ነው።» ሲሊንደሩን የሸጠው አይጠየቅም። ያረጀ ጎማ ከነምድጃው ያከራየው አይጠየቅም። የብሎኩ ኮሚቴም አይጠየቅም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

የልጅቷ ነገር በፍትሕ ይታይ። ከገጠር የመጣችው በእንጨትና በኩበት እያበሰለች አድጋ ነው። አዲስ አበባ በገባች ማግስት ስቱዲዮ ቤት ውስጥ፣ ከአልጋው ሦስት እርምጃ ርቆ የቆመ ሲሊንደር ያሳዩአታል። ትምህርቱም «ይሄን አዙሪ፣ ክብሪት ጫሪ» ነው፤ በቃ። ጋዝ ሲሸት ምን ማድረግ እንዳለባት የነገራት የለም። እንግዲህ ሽታው ሲመጣ ደንግጣ መብራት ብታበራ ጥፋቱ የማን ነው?

ጋዙ የራሱ ጠባይ አለው። ሲሊንደሩ ውስጥ ፈሳሽ ነው፤ ሲወጣ 250 እጥፍ ገደማ ይሰፋል። ከአየር ስለሚከብድ እንደ ጭስ ሽቅብ አይወጣም፤ መሬት ለመሬት ሄዶ አልጋ ሥርና ቁም ሳጥን ሥር ይተኛል። ከቤቱ አየር 2 በመቶ ያህሉን ከያዘ የመብራት ማብሪያ ብልጭታ ይበቃዋል። ስለዚህ መስኮት ገርበብ ማድረግ ብቻ አያድንም። ቫልቩ ይዘጋል፤ በርና መስኮት ወለል ተደርጎ ይከፈታል፤ መብራት አይበራም፣ የበራውም አይጠፋም፤ ሰው ሁሉ ይወጣና ከውጭ ሆኖ ወደ እሳት አደጋ፣ 939 ይደውላል። ይህን ለማስተማር አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

«እንዲህ ከሆነ ከሰል ይሻላል» የሚሉ አሉ። አይሻልም! በተዘጋ ቤት ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ቡታ ጋዝ ግን ሆን ተብሎ ሽታ የተጨመረበት ነው፤ ከመጉዳቱ በፊት ይናገራል። የጠፋው ሰሚ ነው። ደግሞም መብራት እየመጣ በሚሄድበት ከተማ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር ቤተሰብ ጋዝ ቅንጦት አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1968 ለንደን ውስጥ፣ ሮናን ፖይንት በተባለ ባለ 22 ፎቅ መኖሪያ ሕንፃ፣ አንዲት ሴት በማለዳ ሻይ ልታፈላ ክብሪት ጫረች። ፍንዳታው የሕንፃውን አንድ ጥግ ናደው፤ 4 ሰዎች ሞቱ። ጋዙ በቧንቧ የሚመጣ ዓይነት ነበር፤ ነገሩ ግን ያው ነው። ምርመራው በሴትዮዋ ላይ አላበቃም። ደረጃውን ያልጠበቀ የምድጃ ማገናኛ ዳዶ ተገኘ፤ የሕንፃው አሠራር ድክመትም ወጣ፤ የግንባታ ደንቡም ተለወጠ። ዛሬ በዚያ አገር አከራይ የጋዝ ዕቃውን በየ12 ወሩ በባለሙያ የማስፈተሽ ግዴታ አለበት።

እዚህስ? የኮንዶሚኒየም አዋጅ ቁጥር 370/1995 ነዋሪው ደጅ ያለውን የቤት ባለቤቶች ማኅበር ሕጋዊ ሰውነት ሰጥቶታል፤ መተዳደሪያ ደንብም አለው። ብዙው ማኅበር ግን ጉልበቱ የሚታየው የጥበቃ መዋጮ ሲሰበስብ ነው። ደረጃ ሥር የቆመ ሲሊንደር እያዩ ማለፍ ልማድ ሆኗል። እሳት ቢነሳ ከአራተኛ ፎቅ የሚወረደው በዚያው ደረጃ መሆኑን ማን አሰበው?

የሚጠየቀው ከባድ አይደለም። ሻጭ ሲሊንደሩን ከማስረከቡ በፊት በገዢው ፊት ቫልቩን በሳሙና አረፋ ይፈትሽ፤ አረፋው ከተነፋ ሲሊንደሩ ከዚያ አይውጣ። በክብሪት መፈተሽማ ሞትን መጥራት ነው። ቤቱን ከነምድጃው የሚያከራይ ጎማውንና ሬጉሌተሩን አድሶ ያስረክብ። ማኅበሩ ከደረጃና ከኮሪደር ሲሊንደር ያስነሳ። አሠሪም ሠራተኛዋ መክፈትን ከመልመዷ በፊት መዝጋትን ያስተምራት።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ልጅቷ ብትሳሳት ያኔ ትወቀስ። እስከዚያው ግን ጣት የሚቀሰረው ወደ ሻጩ፣ ወደ አከራዩ፣ ወደ ኮሚቴውና ወደ አሠሪው ነው። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ!