መንገድን ማየትና አገርን ማወቅ

በሞተር ብስክሌት የባዕድ አገርን መንገድ መጓዝ የብዙ ወጣቶች ምኞት ነው። ይህን ምኞት የሚደግፉ ሰዎችም ምክንያት አያጡም። በአውቶቡስ የሚሄድ ሰው አገሩን በመስተዋት ያየዋል፤ በአውሮፕላን የሚሄደው ደግሞ ከነጭራሹ አያየውም። ባለ ሞተር ብስክሌቱን ግን ነፋሱ ፊቱን ይመታዋል፤ ዝናቡ ያረጥበዋል፤ የእርሻው ሽታና የመንደሩ ጢስ ካፍንጫው ይደርሳል። ስለዚህ «አገርን ለማወቅ ከዚህ የሚሻል መጓጓዣ የለም» ይላሉ። እኔ በበኩሌ የዚህ አባባል ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ስሕተት ነው እላለሁ። ሞተር ብስክሌት መንገድን ያሳያል፤ አገርን የሚያሳውቀው ግን ሌላ ነገር ነው።

ለዚህ አስተያየቴ ማስረጃ እንዲሆን አንድ የታወቀ ጉዞ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1952 መጀመሪያ ሁለት የአርጀንቲና ሰዎች ደቡብ አሜሪካን ለማየት ከቡዌኖስ አይረስ ተነሡ። አንደኛው የ29 ዓመቱ የባዮኬሚስትሪ ባለሙያ አልቤርቶ ግራናዶ ነው፤ ሁለተኛው በኋላ «ቼ» በሚል ስም የታወቀው የ23 ዓመቱ የሕክምና ተማሪ ኤርኔስቶ ጉቬራ ነው። የያዙት በ1939 የተሠራች ባለ 500 ሲ.ሲ. ኖርተን ሞተር ብስክሌት ነበረች። ስሟንም «ላ ፖዴሮሳ» ብለዋት ነበር፤ «ኀያሊቱ» ማለት ነው። ኀያሊቱ ግን እንደ ስሟ አልሆነችም። በኮረኮንቹ መንገድ ላይ ደጋግማ ጣለቻቸው፤ የተሰበረ አካሏም በሽቦ እየታሰረ ተጓዘች። የአንዲስን ተራሮች አልፈው ቺሊ ከገቡ በኋላ ጨርሳ ተበላሸች። በጭነት መኪና ተጭና ሳንቲያጎ ከተማ ደረሰች፤ እዚያም ቀረች። ሁለቱ ጓደኛሞች የቀረውን ረጅም መንገድ በእግር፣ በሰው መኪናና በመርከብ ቀጠሉ።

እንግዲህ ልብ እንበል። ሞተሩ እስኪቆም ድረስ ጉቬራ የጻፈው ማስታወሻ በብዛት ስለ መውደቅና ስለ ጥገና፣ ስለ ማደሪያና ስለ ምግብ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ማስታወሻው በሰዎች ይሞላል። በቫልፓራይሶ ከተማ በአስምና በልብ በሽታ የምትሠቃይ አንዲት ድኻ አሮጊት ጠየቀ። እርሱ ራሱ ከልጅነቱ ጀምሮ አስም ነበረበት፤ ሕመሟን ያውቀዋል፤ የሚያድናት ነገር ግን አልነበረውም። በሰሜን ቺሊ በረሓ፣ ባኬዳኖ በተባለ ስፍራ፣ በፖለቲካ አቋሙ ታስሮ የተፈታ አንድ ሠራተኛ ከነሚስቱ አገኙ። ባልና ሚስቱ ወደ ድኝ ማዕድን ሥራ ፍለጋ የሚሄዱ ነበሩ። ሌሊቱ ብርድ ነበር፤ ባልና ሚስቱ የሚለብሱት ብርድ ልብስ አልነበራቸውም። ተጓዦቹ ካላቸው ብርድ ልብስ አንዱን ሰጧቸው፤ በቀረው አንድ ብርድ ልብስ ሁለቱ ተጠቅልለው አደሩ። ጉቬራም ያን ሌሊት በሕይወቱ እጅግ ከበረደው ሌሊት እንደ አንዱ ቈጥሮታል፤ ነገር ግን ከሰው ልጅ ጋር የተቀራረበበት ሌሊት አድርጎም ጽፎታል። በፔሩም በአማዞን ወንዝ ዳር በሚገኘው በሳን ፓብሎ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መንደር ያለ ጓንት ሕሙማኑን ጨበጡ፤ አብረዋቸውም እግር ኳስ ተጫወቱ።

ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል። ባለ ሞተር ብስክሌት ነዳጅ እስካለው ድረስ ሰው አያስፈልገውም። እግረኛ ግን መንገድ ይጠይቃል፤ መኪና ይለምናል፤ ማደሪያ ይሻል። የጠየቀ ይነጋገራል፤ የተነጋገረም ይተዋወቃል። «ሰው ለሰው መድኃኒቱ» የሚባለው በጉዞ ላይ ይበልጥ ይታወቃል። ኀያሊቱ ባትበላሽ ኖሮ ባኬዳኖን አቧራ እያስነሡ ባለፉት ነበር።

«ሞተር ብስክሌቷ ባትኖር ጉዞውን ባልጀመሩት ነበር» የሚል ቢኖር እውነት ነው። «አንድ ሌሊት አብሮ ማደርስ አገርን ማወቅ ይባላልን?» ብሎ የሚጠይቅም ተገቢ ጥያቄ ጠየቀ። አይባልም፤ የማወቅ መጀመሪያ ግን ይባላል። ተጓዡም መሣሪያው እስኪሰበር መጠበቅ የለበትም፤ በፈቃዱ ሊቆም፣ ሊወርድና ሰላምታ ሊሰጥ ይችላል።

ይህ ነገር ቀላል አይደለም። ከጉዞ የተመለሰ ሰው «የዚያ አገር ሕዝብ እንዲህ ነው» ብሎ ሲናገር አድማጩ ያምነዋል፤ አንድ ሕዝብም በአላፊ አግዳሚ ቃል ይመሰገናል ወይም ይነቀፋል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ተናጋሪ ስንት ኪሎ ሜትር እንደ ተጓዘ ከመጠየቃችን በፊት የት የት እንደ ቆመና ከማን ጋር እንደ ተነጋገረ እንጠይቀው። መልስ ከሌለው ያየው መንገዱን ብቻ ነው፤ ስለ መንገዱ ይንገረን፤ በሕዝቡ ላይ ግን አይፍረድ።