የሁለት አውሮፕላን ማረፊያዎች ርቀት፤ በሰነድና በሰማይ

አዲስ አበባ፦ ከቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ዋሽንግተን ዱለስ ያለው ርቀት 11 ሺህ 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውሮፕላኑ በዕለቱ የሚበረው ርቀት ግን ከዚህ ይለያል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለመንገደኛው ካሳ፣ ለአየር መንገዱም የነዳጅ ወጪ ጥያቄ ነው።

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት (ኢካኦ) እያንዳንዱ አውሮፕላን ማረፊያ አንድ የማጣቀሻ ነጥብ በኬክሮስና በኬንትሮስ እንዲኖረው ይጠይቃል። በሰነድ ላይ የሚሰፍረው ርቀት በሁለት ነጥቦች መካከል በምድር ክብ ገጽ ላይ የሚሰመረው አጭሩ መስመር ነው። በግድግዳ ካርታ ላይ ማስመሪያ ለሚያሳርፍ ሰው ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን የሚወስደው መንገድ በቻድ፣ በኒጀርና በማሊ በኩል የሚያልፍ ይመስለዋል። እውነተኛው አጭር መስመር ግን ከካርቱም ብዙም ሳይርቅ ሱዳንን አቋርጦ በሊቢያ፣ በአልጄሪያና በስፔን በኩል ወደ ሰሜን አትላንቲክ ያመራል።

የመለኪያ አሃዱም ጥንቃቄ ይሻል። አንድ የባሕር ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ሲሆን የየብሱ ማይል 1.609 ነው። ይህንኑ ርቀት በባሕር ማይል ከተጻፈ ሰነድ ወስዶ በየብስ ማይል የሚያሰላ ሠራተኛ 1 ሺህ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ያጎድላል።

መስመሩ በሰነድ ላይ ባይለወጥም ሰማዩ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት ሲቀሰቀስ የአገሪቱ የአየር ክልል በመዘጋቱ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚያቀኑ በረራዎች ዙሪያ ጥምጥም ለመሄድ ተገደዋል። የፊንላንዱ ፊንኤርም እ.ኤ.አ. በ2022 የሩሲያ ሰማይ ሲዘጋበት ከሄልሲንኪ ቶኪዮ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስድ የነበረው ጉዞ ወደ 13 ሰዓት ተራዝሞበታል። የሁለቱ ከተሞች ርቀት ግን በአንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አልጨመረም።

የመልክዓ ምድር ጉዳይም አለ። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 334 ሜትር ላይ የሚገኝ በመሆኑ አየሩ ስስ ነው፤ አውሮፕላን ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ ለመነሳት ይቸገራል። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚደረገው በረራ ለዓመታት መሃል ላይ ለነዳጅ ሲያርፍ፣ የመልሱ ጉዞ ያለማቋረጥ ሲደረግ የኖረውም በዚህና በነፋስ አቅጣጫ ምክንያት ነው።

ታዲያ ክፍያ ሲመጣ የትኛው ርቀት ይቆጠራል? እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ካሳውን በርቀት ከፍሎ 250፣ 400 እና 600 ዩሮ አድርጎታል። ከሮም በብራሰልስ አድርገው ሃምቡርግ ዘግይተው የደረሱ መንገደኞች የበረሩት 1 ሺህ 656 ኪሎ ሜትር ስለሆነ 400 ዩሮ ይገባናል ሲሉ ተከራክረው ነበር። የኅብረቱ ፍርድ ቤት መስከረም 2017 (እ.ኤ.አ.) በሰጠው ውሳኔ የሚቆጠረው ከመጀመሪያው መነሻ እስከ መጨረሻው መድረሻ ያለው ቀጥተኛ ርቀት፣ ማለትም 1 ሺህ 326 ኪሎ ሜትር ነው ብሏል። ከ1 ሺህ 500 በታች በመሆኑም ድርሻቸው 250 ዩሮ ሆኗል።

ደንቡ ከኅብረቱ አገሮች የሚነሱ የሌላ አገር አየር መንገዶችንም ይመለከታል። ከፍራንክፈርት አዲስ አበባ ያለው ቀጥተኛ ርቀት ከ5 ሺህ 300 ኪሎ ሜትር ስለሚበልጥ፣ ካሳ በሚያስከፍል መዘግየት ጉዳዩ የሚታየው በ600 ዩሮው እርከን ነው።

ለአየር መንገዶች ይህ አሠራር ሁለት ገጽ አለው። በትራንዚት የሚያጓጉዙትን መንገደኛ ካሳ ይቀንስላቸዋል፤ በተዘጋ ሰማይ ዙሪያ ያቃጠሉትን ነዳጅ ግን የሚተካላቸው የለም። የኢካኦ የካርቦን ማስሊያ ከ5 ሺህ 500 ኪሎ ሜትር በላይ ለሆነ ጉዞ በቀጥተኛው ርቀት ላይ የሚጨምረው 125 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ይህም ለተለመደ የመስመር መዛባት እንጂ እንደ ሄልሲንኪና ቶኪዮው ዓይነት መዞር የሚበቃ አይደለም።