«ምን አደረግሽኝ?»

ባለፈው ቅዳሜ መርካቶ፣ ሸማ ተራ፣ በአንዲት ጠባብ ሱቅ በነጠላ ዋጋ ስከራከር ሳለሁ፣ ባለሱቋ እናት ቤይሩት ካለች ልጃቸው ጋራ በስልክ ይነጋገሩ ነበርና፣ ልጅቱ ድምፅዋ ለሁላችን እስኪሰማ ድረስ «እማዬ፣ በጣም ሚስ አድርጌሻለሁ» ብትላቸው፣ የነጠላውን ጥለት በጣታቸው እንደ ያዙ ጥቂት ዝም ብለው «ምን አደረግሽኝ?» ሲሉ ጠየቋት።

እኛ ሳቅን እንጂ ጥያቄያቸውስ የሰዋስው ጥያቄ ነበር። በአማርኛ «ናፈቅሽኝ» ባልን ጊዜ የግሡ ባለቤት የራቀችው ሴት ናት፤ እኛ «ራበኝ፣ ጠማኝ» እንደምንለው ሁሉ የመጣብንን የምንቀበል ተሳቢዎች ነን። በእርግጥ «አገሩን ይናፍቃል» ማለትም አለ፤ ነገር ግን ለሚወዱት ሰው ፊት ለፊት ሲነገር ባለቤትነቱ ለራቀው ይሰጣል። የእንግሊዝኛው «ሚስ» ግን ናፋቂውን ባለቤት ያደርጋል፤ ይኸው ግሥ ደግሞ አውቶቡስ ላመለጠውም፣ ዒላማ ለሳተውም ያገለግላል። መርካቶማ ቃሉን የለመደችው በሌላ በኩል ነው፤ ሂሳብ ያለቀበት ተሸካሚ ለደንበኛው አንድ ጊዜ አስጠርቶ የሚዘጋው ስልክ «ሚስኮል» ይባላልና፣ እናትየዋም ነገሩን ከዚያው ጋራ ቢያገናኙት አይፈረድባቸውም።

የባዕድ ቃል ሁሉ ይወገዝ ባይ አይደለሁም፤ «መርካቶ» ራሱ ጣልያኖች ገበያውን ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደዚህ ባዛወሩ ጊዜ የተረፈን ቃል ነው፤ ማንም ገበያተኛ ተቸግሮበት አያውቅም። የሚቈጨኝ የጠለቀ ቃል በእጃችን ሳለ ሲተው ነው። በግእዝ «ነፈቀ» ከፈለ ማለት ነው፣ «መንፈቅ»ም እኩሌታ፤ ልቡ በሃይማኖት ለሁለት የተከፈለውን ሰው አበው «መናፍቅ» ብለውታል፤ የእኛም ናፍቆት ከዚሁ ቤት የወጣ ይመስለኛል፣ የናፈቀ ሰው እኩሌታው ሸማ ተራ ተቀምጦ ነጠላ ሲሸጥ እኩሌታው ቤይሩት ነውና። ደንበኛ እንኳ ሁለት ሳምንት ሳይታይ ቢቀር፣ የመርካቶ ነጋዴ «ምነው ጠፉብን?» ይለዋል፤ ያቺ «ብን» የጐደለብን እኛ ነን ማለት ናት።

ልጅቱም ጥቂት ቆይታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ናፈቅሽኝ ማለቴ ነው» አለች። እናትየዋ «እኔንም ዓይንሽ ናፈቀኝ» ብለው ስልኩን ዘጉ፤ ነጠላውን አጥፈው በፌስታል ከተቱልኝ፤ ከዋጋው ግን አንዲት ብር አልቀነሱልኝም።