ጥርስ የማያስቸግር ህብስት

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ህብስት ነው። መነሻዬ ግን እናቴ ናት።

እሁድ እሁድ ልጆቼን ይዤ እናቴ ቤት እሄዳለሁ። ቅዳሜ ማታ የጋገርኩትን ህብስት አንጠልጥዬ ስገባ «እጅሽ ይባረክ» ትለኛለች። አንድ እሁድ ነጠላዋን ላጥብላት ስል ጫፉ ላይ ቋጠሮ አገኘሁ። ስፈታው አራት ቁራሽ ህብስት! «ለወፎቹ ነው» አለችኝ። ትንሿ ልጄ ግን ምስጢር አትችልም። «አያቴ ማኘክ አቅቷት ነው፤ ለእናትሽ እንዳትነግሪ ብላኛለች» አለች።

አፈርኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እናቴን ወደ ቤቴ አመጣኋትና ማድ ቤት በርጩማ ላይ አስቀምጬ «እስኪ ጥፋቴን ንገሪኝ» አልኳት። ሦስት ጥፋት አገኘችብኝ።

አንደኛ፣ ሊጡ እጄ ላይ ሲጣበቅ ዱቄት እጨምር ነበር። «ተይ! ድንጋይ የምታደርጊው አንቺ ነሽ» አለችኝ። አሁን ለ1 ኪሎ የፉርኖ ዱቄት ከ600 እስከ 650 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውኃ አደርጋለሁ። ከተጣበቀብኝ እጄን ዘይት እቀባለሁ እንጂ ዱቄት አልጨምርም።

ሁለተኛ፣ የማየው ሰዓቱን እንጂ ሊጡን አልነበረም። በብርድ ቀን ሊጥ ኩፍ ለማለት ይዘገያል። በጣት ጫን ሲሉት ወዲያው ተመልሶ ከሞላ ገና ነው፤ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ደርሷል፤ ጎድጉዶ ከቀረ አልፎበታል።

ሦስተኛ፣ እንፋሎቱን አባክን ነበር። ሊጡ በኮባ ተጠቅልሎ ከመግባቱ በፊት ውኃው መፍላት አለበት፤ ውኃው ሊጡን መንካት የለበትም። በየደቂቃው ክዳን መክፈት ህብስቱን ያሟሽሸዋል። የክዳኑ ጤዛ እንዳይንጠባጠብበትም ከክዳኑ ስር ንጹህ ጨርቅ ይደረጋል። ውኃ ካነሰ የሚጨመረው የፈላ ውኃ ነው።

«ሳልከፍት ውኃው ማለቁን በምን አውቃለሁ?» ለሚል መልሱን ያገኘሁት ሎስ አንጀለስ ካለችው እህቴ ነው። ሜክሲኮአውያን ጎረቤቶቿ ታማሌ የሚሉትን፣ በበቆሎ ልባስ የተጠቀለለ የበቆሎ ሊጥ፣ በእንፋሎት ሲያበስሉ ድስቱ ውስጥ የታጠበ ሳንቲም ይጥላሉ። ውኃው ሲፈላ ሳንቲሙ ይንኳኳል፤ ዝም ካለ ውኃው አልቋል ማለት ነው። እኔም ይዤዋለሁ።

አሁን ወደ ማሞቁ እንምጣ፤ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ያደረ ህብስት የሚጠነክረው ውኃው ስላለቀ ብቻ አይደለም። በዱቄቱ ውስጥ ያለው ስታርች ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ስለሚጠጥር ነው። ይህ ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ ከጠረጴዛ ላይ ይልቅ ይፈጥናል። ስለዚህ በአንድ ሁለት ቀን የሚበላውን በጨርቅ ጠቅልሎ ሞሶብ ውስጥ ማኖር ይሻላል። የሚቆየውን ቆርጦ፣ በላስቲክ አጥብቆ ጠቅልሎ ፍሪዘር ውስጥ ማስገባት ነው። ሻጋታ ያየንበትን ግን መጣል እንጂ ማሞቅ አይረባም።

ሲሞቅ እንደበሰለው በእንፋሎት ይሁን። ቁራሹን በኮባ ወይም በንጹህ ጨርቅ ጠቅልሎ ከሚፈላ ውኃ በላይ ማስቀመጥ ነው፤ ያደረው ከ5 እስከ 8 ደቂቃ፣ ከፍሪዘር የወጣው እስከ 15 ደቂቃ ይበቃዋል። መብራት ሲጠፋ በከሰልም ይሆናል። ማይክሮዌቭ ያላችሁ እርጥብ ጨርቅ አልብሳችሁ ለ20 ሰከንድ ያህል ብቻ አሙቁት፤ ከበዛ ጎማ ይሆናል። አንዴ የሞቀ ህብስት ሲቀዘቅዝ መልሶ ቶሎ ስለሚደርቅ፣ የምትበሉትን ያህል ብቻ አውጡ።

እናቴን ጥርስ ሐኪም ዘንድም ወስጃታለሁ። ቀድሜ ማድረግ የነበረብኝ እሱን ነበር። ሽማግሌዎቻችን ለሠራነው ምግብ «እጅሽ ይባረክ» ማለት አያቅታቸውም፤ እኛ ግን ሲያኝኩ እንያቸው።

ባለፈው እሁድ ነጠላዋን ሳጥብ ጫፉን ፈታሁት። ለወፎቹ ምንም አልተረፈም።